የወንዱ ወገን ይቀራል

መልእክቱ ሲገባ ልብስ ሰፊዋ የሳቲን ቁራጭ በሻማ እየለበለበች ነበር። ይህ ሥራ ፋታ አይሰጥም። ጨርቁን ከነበልባሉ አጠገብ ቶሎ አለፍ ካደረጉት ጠርዙ ይኮማተርና የእውነት የአበባ ቅጠል ይመስላል፤ ትንሽ ካዘገዩት ግን ጠቁሮ ይንጨረጨራል። አንድ ዓይኗን ሻማው ላይ፣ አንድ ዓይኗን ስልኩ ላይ አድርጋ አነበበች።

"እትዬ የወንዱ ወገን ይቀራል። አትናደጂብኝ። ማታ እናወራለን።"

ሳቲኑ እጇ ላይ ነደደ።

"ምንድን ነው የሸተተኝ?" አሉ ጋሽ ዚፕ ከበሩ ጥግ። የጋሽ ዚፕ እውነተኛ ስም ከተረሳ ቆይቷል። የሱቁን አንድ ጥግ ከእሷ ተከራይተው ዚፕ ይቀይራሉ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ ይሰፋሉ፣ በተረፋቸው ጊዜ ደግሞ በማያገባቸው ይገባሉ።

"ምንም አይደል ጋሼ። ጨርቅ ነው።"

"ጨርቁስ ጨርቅ ነው። ፊትሽን ምን ነካው?"

መልእክቱን ደግማ አነበበችው። የላከችው ታናሽ እህቷ ናት። ሚጡ ትባላለች፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ሥራ ይዛ፣ እሁድ ልታገባ ቀን ቆርጣም ያው ሚጡ ናት። እናታቸው ስትሞት ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አጥባ አልብሳ፣ ደብተር ገዝታ ለዚህ ያበቃቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው የወንዱ ወገን የሚቀረው ምን ሆኖ ነው?

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ሚጡ የምትሠራው በአንድ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ሥራ ስትገባ የራሷን ስልክ አጥፍታ ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ከሻይ እረፍት በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ማንም አያገኛትም። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስልክ እያነሳች "ምን ልርዳዎት?" የምትል ልጅ የገዛ እህቷን ስልክ ማንሳት አልቻለችም። ልብስ ሰፊዋ ግን እንደማይነሳ እያወቀች ደጋግማ ደወለች።

"እስቲ ወዲህ በይው" አሉ ጋሽ ዚፕ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። "የወንዱ፣ ወገን፣ ይቀራል።" ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በቃ። ቀሩ ማለት ነው።"

"ምን ማለት ነው ቀሩ?"

"ይቀራል ማለት ይቀራል ነዋ! አይመጡም። ደግሞ ተመልከቺ፤ 'አትናደጂብኝ' ብላለች። ሰው የማያናድድ ነገር ይዞ አትናደጂብኝ ይላል?"

"ሙሽራውም ይቀራል ማለት ነው?"

ጋሽ ዚፕ አሰቡ። "እሱን አልጻፈችም" አሉ በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመለሰችና ፊት ለፊቷ የተደረደረውን አየችው። ጥፋቱ ከማን እንደሆነ የገባት መሰላት፤ ከራሷ ነው።

አዳራሽ የሚያስጌጡት ሰዎች ለጠረጴዛ አበባ የጠሩት ዋጋ ከሙሽራዋ ልብስ በልጦ ሲገኝ፣ "ተዉት፣ እኔ እሠራዋለሁ" ያለችው እሷ ናት። ክራቸው ያለቀ ትልልቅ የካርቶን ኮኖች ሳትጥል ለዓመታት አጠራቅማ ነበር። እያንዳንዱን በጨርቅ ለበጠችው፤ ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቦ አስገባችበት፤ በየሽቦው ጫፍ የሳቲን አበባ አሰረችበት። ለእንግዶቹ መታሰቢያ የሚታደለው ደግሞ የክብሪት ቀፎ ነው። ባዶውን ቀፎ በቁርጥራጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ውስጡ አንድ መርፌ፣ ጥቂት ክርና አንድ ቁልፍ ታስቀምጥበታለች። ሚጡ በእጅ ጽሑፏ "ቁልፍ ሲበጠስ አስቡን" የምትል ቁራጭ ወረቀት ጣል ታደርግበታለች። ሐሳቡ የመጣላት ቀን ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ስትስቅ ጋሽ ዚፕ አሟት እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር።

ቀለሙን የመረጠችው ሚጡ ናት። በአዳራሹ ቀኝ በኩል ላሉት አሥራ ሁለት ጠረጴዛዎች ቀይ አበባ ይሆናል፤ እዚያ የሴቷ ወገን ይቀመጣል። በግራ በኩል ላሉት አሥራ ሁለት ደግሞ ነጭ፤ እሱ ለወንዱ ወገን ነው። እንግዳው የት ልቀመጥ ብሎ ሳይጨነቅ ቀለሙን እያየ ቦታውን ይይዛል። ይህንንም በአንድ ወረቀት ላይ ክብ ክብ አድርጋ ሥላ፣ ቀብታ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፋው ሄዳለች። ቀዩ አበባ አልቆ ተደርድሯል። ነጩን ገና ዛሬ ጠዋት መጀመሯ ነው።

ባለፈው እሁድ የሙሽራው እናት መጥተው ይህን ሁሉ አይተው ነበር። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። አንዱን ኮን አንስተው ገለበጡት፣ ውስጡን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የሚጡን ሥዕል ተመለከቱና፣ "ይሄ ሁሉ ለእኛ ነው?" አሉ። መልስ እንኳ ሳይጠብቁ፣ ቸኮል ብለው ተሰናብተው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ያን ለት "አይ፣ ሥራ ኖሯቸው ይሆናል" ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘባት። ንቀውታል። የክር ኮንና የክብሪት ቀፎ ይዞ ለልጃችን ሊድር የመጣ ቤተሰብ ብለዋል። ለዘመድ አዝማዱም ነግረዋል። እህቷን ያዋረደቻት እሷው ናት፤ በገዛ እጇ።

ልትሠራ ሞከረች። አንድ ደንበኛ ምሳ ሰዓት የሚወስደው ሱሪ ነበር፤ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጠረችው፣ ሌላውን ረሳችው። ሱሪውን ዘርግታ ስታየው እንባዋ መጣ።

"ሂጂና ፊት ለፊት ጠይቂያቸው" አሉ ጋሽ ዚፕ።

"ምን ብዬ ልጠይቅ?"

"እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ። ወይም አትሂጂ፤ ሚጡ እስክትመጣ ጠብቂ። ብቻ ዝም እንዳትዪ። ኧረ ዝም ማለትም ሳይሻል አይቀርም።"

"ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ አልሂድ?"

"ሱሪውን ጨርሰሽ ሂጂ።"

ሱሪውን ሳትጨርስ ሄደች።

የሲስተር ቤት ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ አራተኛ ፎቅ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ላይ ትሕትና የተሞላበት ንግግር አዘጋጀች። በሁለተኛው ላይ ያንን ጥላ፣ አጥንት የሚሰብር ሌላ አዘጋጀች። ደረጃው ላይ ሁለቱ ተደባለቁባት። አሁን ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ወይስ ልትጣላ? እሷም አታውቅም። በሩን ያንኳኳችው ሳትወስን ነው።

ሲስተር በሩን ከፍተው አንድ ጊዜ አዩዋት። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው? ግቢ፣ ቁጭ በይ። እጅጌሽን ሰብስቢ።"

"ሲስተር፣ እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ…"

"ጉዳዩ የትም አይሄድም። አታውሪ።"

ሲስተር ጡረታ ከወጡም ወዲህ ሰው ሁሉ ለእሳቸው በሽተኛ ነው። የግፊት መለኪያቸውን ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አንስተው ክንዷ ላይ ጠቀለሉት፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው የጎማውን ፊኛ ይጨምቁ ጀመር። የልብስ ሰፊዋ ክንድ እየተጨበጠ ሄደ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም።

"እኔ አቅም ባይኖረኝም እህቴን በሰው ፊት የማዋርድ ሰው አይደለሁም" አለች፣ ወለሉን እያየች። "ኮኑን ካልወደዱት ጠርተው ይንገሩኝ ነበር። ሌላ እሠራ ነበር። እኔ ባጠፋሁት ልጅቷ ምን አደረገች? አፍራችሁብን ከሆነ እኔን ንገሩኝ። በእኔ የተነሳ ከሆነ እኔው ልቅር…"

ሲስተር ጆሯቸው ተደፍኖ፣ ዓይናቸው የመለኪያው ጠቋሚ ላይ ተተክሎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል አልሰሙም። የአንዱን ጆሮ ማዳመጫ ነቀል አደረጉና፣ "ምን አልሽ?" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። የቀራት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

"የወንዱ ወገን ይቀራል አሉ።"

ሲስተር ፊኛውን ለቀቁት። አየሩ እስስ ብሎ ወጣ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው።

"ማን ነገረሽ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እንዴ! እውነት ነው እንዴ?"

"ማን ነገረሽ ነው የምልሽ? ልጄ ሰምቷል?"

"እኔ እንጃ! እኔ ምንም አላውቅም ሲስተር። ሚጡ ናት የጻፈችልኝ።"

"ሚጡ ካወቀች እሱም አውቋል ማለት ነው።" ሲስተር ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ፌስታሉ ውስጥ የሰርግ ጥሪ ካርዶች ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ አወቀቻቸው፤ ክሬም ፖስታ፣ በሚጡ እጅ የተጻፈ ስም። አንዱም አልተከፈተም።

"ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ወንድሞቹ ቤቱን እንካፈል አሉኝ" አሉ ሲስተር። "ልጅ የማሳድግበት ቤት ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። የወንድማቸው ልጅ ሰርግ ሲሆንስ ልባቸው ይራራል ብዬ ነበር። ሰው አልላክሁም፤ ራሴ በየቤታቸው ዞሬ አደረስኩ። በሌሊት እንኳ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሁሉም በአንድ ፌስታል ታስሮ በሬ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።"

"እና በማግስቱ እሁድ እኛ ሱቅ ሲመጡ…"

"ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ሚጡ የሣለችውን ሳይ፣ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ለእኛ፣ አፌ ተያዘ። እኔ ያለኝ አብረውኝ የሠሩ ነርሶችና ሁለት ጎረቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ ቢሞሉ ነው።"

"እኔ ደግሞ ሥራዬን ንቀው የሄዱ መስሎኝ።"

"ሥራሽን?" ሲስተር እጃቸውን የቤት ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተው አንድ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ የክብሪት ቀፎ አወጡ። "ሳላስፈቅድሽ አንድ ይዤ ወጣሁ። የዚህን ጋዋን ቁልፍ የተከልኩት በዚሁ መርፌ ነው። ይኸው፣ እይው።"

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን አየችው። ክሩ ቀይ፣ ጋዋኑ ሰማያዊ ነበር። ልትስቅ ፈለገች፤ ልታለቅስ ፈለገች። ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ሐፍረት ወረደላት፤ በእሱ ቦታ ግን ምን እንደተጫነባት መለየት አቃታት። ደስ ያላት በሰው ሐዘን ነው እንዴ? አዝና ከሆነስ፣ ለማን ነው ያዘነችው?

ስልኳ ጮኸ። ሚጡ ናት። ሲስተር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"እትዬ! ምን ሆነሻል? ስልኬን ስከፍት ዐሥራ አንድ ጊዜ ደውለሻል ይለኛል!" የሚጡ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። "ደህና ነሽ? ጋሽ ዚፕ ደህና ናቸው?"

"ደህና ነን። የጻፍሽልኝን ነገር ነው…"

"የቱን?"

"የወንዱ ወገን ይቀራል ያልሽውን።"

"አዎ፣ ይቀራል አይደል? ትናንት ስቆጥረው ቀዩ አልቋል፣ ነጩ ገና ነው። ማታ ማታ አግዝሻለሁ ብዬሽ ሳላግዝሽ ስለቀረሁ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው። ዛሬ ሙጫውን ይዤልሽ እመጣለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

"አበባውን ነው እንዴ?" አለች።

"አበባውን ነዋ! ሌላ ምን አለ? እትዬ፣ ምን መስሎሽ ነው?"

"ምንም። ምንም አልመሰለኝም። በይ ምሳሽን ብዪ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሲስተር ሁሉንም ሰምተዋል። ፌስታሉን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉ።

"ስለዚህ የሚያውቅ ሰው አልነበረም" አሉ።

"እኔም አላውቅም ነበር ሲስተር። የማይመጡትን ሰዎች አላልኩም። ማለቴ ብያለሁ፤ ግን አበባ መሆኑን አላወቅሁም።" የምትለው ለራሷም አልገባትም።

ሲስተር ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሲቆይ ግን ሳቅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የግፊት መለኪያው ክንዷ ላይ እንደተጠቀለለ ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የጎማው ቱቦ በመሐላቸው ተንጠለጠለ።

"ለልጄ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ" አሉ ሲስተር ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ለሚጡ ራሱ ይንገራት። አንቺ ብቻ አትቅደሚን።"

"አልቀድምም።"

"የምፈራው ያን ግራውን በኩል ነው። የእናንተ ሰው ሞልቶ፣ የእኛ ነጭ በነጭ ሆኖ ባዶውን ሲታይ። ልጄ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ። 'ይሄ ልጅ ዘመድ የለውም እንዴ?' ሲሉ።" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። "ምን ይሻላል ትያለሽ?"

"እኔ እንጃ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ከልቧ ነበር። ሲስተር እንደገና ለክተው ክንዷን ፈቱላትና ግፊቷ ከፍ ብሏል አሏት፤ ጨው ቀንሺ አሏት።

ሱቅ ስትመለስ የሱሪው ባለቤት መጥቶ ጋሽ ዚፕን ተቆጥቶ ሄዷል። ጋሽ ዚፕ ስለሱ አላነሱም። "እሺ? ቀሩ?" አሉ ገና ከበሩ ሳትገባ።

"አበባ ነው ጋሼ። ነጩ አበባ ነው የቀረው። አልተሠራም ማለቷ ነው።"

"ብዬሽ ነበር እኮ!" አሉ ጋሽ ዚፕ።

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ አለች። ነጩ ሳቲን እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አምስት ሜትር ሙሉ፣ ከአንድ ጥጉ በቀር ያልተነካ። ግድግዳው ላይ የሚጡ ሥዕል አለ፤ ቀይ ክቦች በቀኝ፣ ነጭ ክቦች በግራ። አዳራሹን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። የእሷ ጎረቤቶች፣ የእሷ ደንበኞች፣ የአክስቶቿ ልጆች ተጠጋግተው በቀኝ ተቀምጠዋል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ያያል፣ አፋቸውም ያወራል። ሚጡ ያንን ወሬ ይዛ ወደ ትዳሯ ትገባለች።

አምስት ነጭ አበባ ሠራች። ስድስተኛውን ስትጀምር አቆመች። ያለቀውን ቀይ ኮን ወደ ራሷ ሳበችና መቀሷን አነሳች። የሦስቱን ቀያይ አበቦች ማሰሪያ በጠሰች።

"ኧረ ምን እያደረግሽ ነው?" አሉ ጋሽ ዚፕ። "ያለቀ ሥራ አይደለም እንዴ?"

ሚጡ ከሥራ ወጥታ የደወለችው በዚህ ጊዜ ነው። ሙጫውን ገዝታለች። "ነጩ ስንት ደረሰልሽ?" አለች።

ልብስ ሰፊዋ መደርደሪያውን አየችው።

"ነጩ አይበቃም ሚጡ።"

"እንዴት አይበቃም? አምስት ሜትር ነው እኮ የገዛነው!"

"አቆራረጡን አበላሸሁት።"

ጋሽ ዚፕ ቀና አሉ። በዚህ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀመጡ ይቺ ሴት ጨርቅ አበላሸሁ ስትል ሰምተው አያውቁም። ከስንዝር ጨርቅ ኮሌታ የምታወጣ ሴት ናት። መደርደሪያውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

"አንቺ? አንቺ ነሽ ጨርቅ ያበላሸሽው?" አለች ሚጡ።

"ደክሞኝ ነበር። ቀዩንና ነጩን እየቀላቀልኩ በየጠረጴዛው አደርገዋለሁ። ሃያ አራቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሰውም እንደመጣ፣ ደስ ባለው ቦታ ይቀመጥ።"

"እትዬ፣ ኧረ ተይ! ዝብርቅርቁ ሊወጣ ነው እኮ! ሰው ምን ይላል? ሰፊ እህት እያላት ይላሉ። የአንቺ ሥራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።"

"ይበሉ።"

"ሌላ ጨርቅ እንግዛ በቃ። ነገ ምሳ ሰዓት ወጥቼ…"

"አትግዢ። ሙጫውን ብቻ ይዘሽ ነይ።"

ስልኩን ዘጋች። ጋሽ ዚፕ አሁንም አፋቸው እንደተከፈተ ነበር። "ጨርቁ ያውና!" አሉ በሹክሹክታ፣ ሌባ እንደሚጠቁም ሰው።

"አየሁት ጋሼ።"

ሁለት ነጭ አበባ አንስታ ከሦስቱ ቀይ ጋር አንድ ኮን ላይ አሰረች። እጇን ዘርግታ ራቅ አድርጋ አየችው። ቀዩ ጠቆር ያለ ነው፣ ነጩ ያንጸባርቃል፤ አንዱ የሌላውን መልክ አጠፋው። አልወደደችውም። ወደ አንድ ጎን አስቀመጠችውና ሁለተኛውን ኮን ሳበች።